ዘጠኝ ዕንቁ

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ብር ግን ታነብ ነበር። ወረቀቱን ማለቴ አይደለም፣ ጠገራውን፣ የድሮውን ትልቅ የብር ሳንቲም ነው።

እቴቴ ነበር የምንላት። ሦስት ጠገራ ብሮች ነበሯት፣ በአሮጌ ጨርቅ ቋጥራ ሳጥኗ ግርጌ የምታስቀምጣቸው። ለዓመት በዓል ሳጥኑ ሲከፈት እኛ ልጆቹ አሳይን እያልን እንጨቀጭቃታለን። ትፈታቸዋለች። ከዚያ በልጅነቷ ገበያ ላይ እንደሚደረገው አድርጋ ታሳየናለች። በአውራ ጣቷ ጥፍር ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ትከሻ ትዳስሳለች፣ ትከሻዋ ላይ አንድ ክብ ጌጥ አለ፣ የጌጡን ዕንቁዎች አንድ ሁለት እያለች ትቆጥራለች፣ ዘጠኝ ካልሞሉ «ይሄ አይሄድም» ይባል ነበር ትለናለች። ቀጥላ ጠርዙን በጣቶቿ መሃል ታሽከረክራለች። እዚያ ላይ በፈረንጅ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ምን እንደሚል አታውቅም። መኖር እንዳለበት ግን ታውቃለች። መጨረሻ ላይ ድንጋይ ላይ ጣል ታደርገውና ጆሮዋን ታቀርባለች።

«ሰማህ? ደህናው እንዲህ ነው የሚጮኸው።»

እኔ ያኔ የምጠብቀው ተንከባሎ አልጋ ሥር ሲገባ ሮጬ ለማምጣት ነበር። አሁን አርባን ካለፍኩ በኋላ ማጉያ መነጽርና ዲጂታል ሚዛን ገዝቼ ማታ ማታ የማደርገው ነገር፣ እሷ በጥፍሯና በጆሮዋ ትጨርሰው የነበረውን ነው።

እቴቴ ስታርፍ ሦስቱ ጠገራዎች ለእናቴ ቀሩ። እናቴ ደግሞ ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት ጣሪያ ሲቀየር ሳጥኑን ስታወጣ «አንተ ጋ ይሁኑ፣ እኔ የት እንዳስቀመጥኳቸው እረሳለሁ» ብላ ሰጠችኝ። በዚያው ሌሊት ላጥናቸው ብዬ ቁጭ አልኩ። ሳንቲሙ ላይ 1780 ይላል። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ! እንቅልፌ ጠፋ። ጠዋት ለእናቴ ደውዬ «ሀብታሞች ነን» አልኳት። «እንግዲያው የጣሪያውን ሂሳብ ክፈል» አለችኝ።

ሀብታሞች አልነበርንም። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ፣ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከሞተች በኋላ የወጣው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ቪየና ቀረጸችው፣ በኋላ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሳትቀር ቀረጹት፣ ሁሉም 1780 ይላል። ምክንያቱ የገበያ ነው። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ነጋዴና ገበሬ ሌላ ቁጥር ያለበትን አልቀበልም አለ። የሚያውቃትን ሴትዮ፣ የሚያውቀውን ዕንቁ፣ የሚያውቀውን ጠርዝ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የእቴቴ ብሮች ከእቴቴ ከራሷ ብዙም አይበልጡ ይሆናል።

ተበሳጨሁ? ለሁለት ቀን ያህል። ከዚያ ነገሩ ጭራሽ ያዘኝ። የሞተች ሴት ፊት ይዞ፣ ዓመቱ ቆሞ፣ አገር ለአገር የሚዞር ገንዘብ! አንድ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው። ንጹሕ ብሩ ብቻውን 23.39 ግራም ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች በቃሌ ይዣለሁ፣ የባለቤቴን ስልክ ቁጥር ግን አልያዝኩም (እሷ ይህን እንደማታነብ ተስፋ አለኝ)። ጠርዙ ላይ ያለው ላቲን «በፍትሕና በርኅራኄ» እንደማለት ነው። ድሮ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር እኩል ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሳንቲሙ ገንዘብም ነው፣ የሚዛን ድንጋይም ነው። የገንዘባችን ስምስ ቢሆን? ብር የተባለው ብር ስለነበረ ነው። ዛሬ ኪሳችን ባለው ብር ውስጥ አንዲት ብናኝ ብር የለችም። ስሙ ብቻ ቀረ።

ይህቺ ሴትዮ ስንቱን አስቸግራለች መሰላችሁ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲመጡ፣ በመንገድ ላይ ገብስና በቅሎ የሚገዙበት ጠገራ ቪየና አዘው አስቀርጸዋል። ያ ሁሉ መድፍና ዝሆን ይዞ የመጣ ጦር ያለ እሷ አንድ ቁና ገብስ አያገኝም ነበር። ጣሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ብላ እሷን የምትመስል ሌላ ሴት ያለችበት ብር አወጣች። ተመሳሳይ ነው እኮ፣ ማን ያውቅብናል አሉ መሰል። እነ እቴቴ ያውቃሉ! አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሊወርሩን ሲዘጋጁ ነው የገባቸው፤ መቅረጫውን ከኦስትሪያ ወስደው ያችኑ ማሪያ ቴሬዛን ሮም ውስጥ መቅረጽ ጀመሩ።

እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የምኒልክ ነው። በ1887 ዓ.ም. በስማቸውና በመልካቸው ብር ፓሪስ አስቀረጹ። ክብደቱን ከጠገራው ጋር አስተካከሉት፣ የብሩንም መጠን እንዲሁ። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳ። ከሥሩ ዝርዝሩን አወጡለት፤ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፣ ፲፰፻፹፯፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ዐድዋ ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀድሞ። በእጄ ስይዘው ሁሌ ትንሽ ይከብደኛል፣ የሚዛኑን አይደለም የምለው። እንዲያም ሆኖ ገበሬው ሴትዮዋን አልተወም። ንጉሡን ጠልቶ አይመስለኝም። ላሙን ሸጦ የተቀበለውን ብር፣ ሦስት ቀን ተጉዞ ሌላ ገበያ ላይ የማያውቀው ሰው ያለ ጭቅጭቅ እንዲቀበለው ነው የሚፈልገው። ያ የማያውቀው ሰው ደግሞ የሚያውቀው ዘጠኝ ዕንቁ ነው።

ይህ ነገር እኔ ሳንቲም የምይዝበትን መንገድ ቀየረው። ሁለት ጣሳ አለኝ። አንዱ የወተት ዱቄት፣ አንዱ የብስኩት። የወተቱ ጣሳ ቁጠባ ነው። እዚያ የሚገባው ማንኛውም ብር ሰሪ ወይም ወርቅ ቤት መዝኖ የሚገዛኝ ብቻ ነው፣ ውበቱ አይመለከተኝም፣ ቢቧጨርም ቢጎድፍም ብረቱ ካለ አለ። የብስኩቱ ጣሳ የፍቅር ነው። እዚያ ያለው ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ሁለቱን ቀላቅዬ ነበር የምይዘው፣ እያንዳንዷን ስገዛ «ኧረ ይሄ እኮ ቁጠባ ነው» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፣ ለባለቤቴም የምነግራት ያንኑ ነው። አንድ ጊዜ የእውነት ገንዘብ ቸገረን። ልጅ ታሞ። ጣሳውን ገልብጬ ስመለከት መሸጥ የምችለው ሩቡን እንኳ አይሆንም፤ ግማሹን ብር ሰሪው በኪሎ ዋጋ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ግማሹን ደግሞ እኔ ልሸጠው አልችልም፣ አንጀቴ አይችልም። ከጓደኛ ተበደርኩ። በሳምንቱ ሁለተኛውን ጣሳ አጥቤ አደረቅኩ።

የወተቱ ጣሳ ውስጥ ከሚገቡት አንዱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ቤት ሳይታወቅ ተቀምጦ ይገኛልና። የጃንሆይ ሽልንግ ነው፣ ሃምሳ ሳንቲሙ፣ 1936 የሚለው። ሰባት ግራም ይሆናል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ሕዝቡ ወረቀት እሺ ብሎ እንዲይዝ ቢያንስ አንዷ ሳንቲም የእውነት ብር መሆን ነበረባት። መጀመሪያ ከ1000 እጅ 800፣ በኋላ 700 ብር ገባባት። ስሙኒዋ ግን መዳብ ናት፣ በመጠን ደግሞ ለሽልንጓ ትቀርባለች። የአራዳ ልጆች ምን አደረጉ? ስሙኒዋን ብር እየቀቡ ሽልንግ ነች ብለው ማሳለፍ። ለዚህ ነው በኋላ የስሙኒ ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ተቆራርጦ የወጣው፤ ዓይነ ስውር እንኳ በእጁ ዳስሶ እንዲለያት። ሁለቱንም ዓይነት ስሙኒ ይዣለሁ። እነሱ የብስኩቱ ጣሳ ናቸው።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ።

የመጀመሪያውን የምኒልክ ብር ስገዛ ጠቁሮ ነበር። ጥቁር ስልህ እንደ ምጣድ። እንዴት አድርጌ ላስውበው ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት፣ አልበቃ ሲለኝ በጥርስ ሳሙና። አበራ! መስታወት መሰለ። ደስ ብሎኝ ፒያሳ ለማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ብር ሰሪ ወስጄ አሳየሁ። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ፊታቸውን ላጨሃቸው እኮ» አሉኝ። የንጉሡ የጺም መስመር፣ የዘውዱ ጥልፍ፣ የአንበሳው ጋማ፣ ያ ሁሉ ደቃቅ ነገር በአመዱ ተፍቆ ሄዷል። ያ ጥቁረት መቶ ምናምን ዓመት የፈጀ ቀለም ነው፣ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለእሱ ነው። አይታጠብም፣ አይፈተግም። በጠርዙ ነው የሚያዘው፣ ፊቱ በላብ እጅ አይነካም። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥም ባታስቀምጡት ይሻላል፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣበታል። እኔ ጠንካራ ወረቀት አጥፌ እጠቀልላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ውድ ነበር። ምኒልክ ከብሩ ሌላ የወርቅ ሳንቲምም አስቀርጸዋል፣ ስሙም «ወርቅ» ነው፣ አንዱ ወርቅ 7 ግራም ገደማ። አንድ ቀን መርካቶ አካባቢ አንድ ሰው ከጨርቅ ፈትቶ አሳየኝ። የአያቱ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም የአያቴ ነገር ስላለኝ ልቤ ራራ። ሚዛኔ ቤት ነው። ማጉያዬ ቤት ነው። ሰውየው ደግሞ ይቸኩላል፣ አውቶቡስ ሊሄድበት ነው። (ሻጭ ሁሌ አውቶቡስ አለበት፣ ልብ በሉ።) ከፈልኩ። ቤት ስመዝነው አራት ግራም እንኳ አልሞላም። ናስ ነው። አሁንም አለኝ፣ ጣሳዎቹ የሚቀመጡበት መሳቢያ ውስጥ ለብቻው ተጋድሟል፣ ስከፍት ያየኛል።

ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልገዛም። ሚዛን ብቻውንም አይበቃም፣ ክብደቱን አስተካክሎ የሚሠራ አለና። በጣም የምወደው የውኃውን ዘዴ ነው፣ ወጪ የለውም። ትንሹ ዲጂታል ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ታስቀምጡና ዜሮ ታደርጉታላችሁ። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ታጠልቁታላችሁ፣ ታቹንና ጎኑን ሳይነካ ተንጠልጥሎ። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ነው። ጤነኛ ጠገራ 2.75 አካባቢ ያሳያል። ያንኑ የሚመዝን ናስ ከሆነ ወደ 3.3 ይወጣል። ወርቅ ከሆነማ ልዩነቱ አያሳስትም፣ ወርቅ ከውኃ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ይከብዳል፣ በትንሽ ገላ ብዙ ክብደት ነው። ማግኔትም ይዤ እሄዳለሁ፣ ከያዘው ወዲያው ደህና ዋሉ ነው፣ ካልያዘው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም።

የእያንዳንዱን ክብደት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ይህን ያስተማረኝ አንድ ወዳጄ ነው፣ ሳያስበው። ለፎቶ ብሎ አንድ ጥሩ ጠገራ ወሰደ፣ በወሩ መለሰ። ጠገራ ጠገራ ነው ብዬ ልከተው ስል እጄ ስለለመደ መዘንኩት። የእኔ አልነበረም። ከአንድ ግራም በላይ የጎደለው፣ ዕንቁዎቹ የተሟሟ አሮጌ ነው የመጣው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር አይደል የሚባለው። አልጠየቅኩትም፣ እሱም ሳያውቅ ቀይሮት ይሆናል ብዬ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ቡና እየጠጣን ስለ ሳንቲም አናወራም።

አንድ ነገር ላይ ከፈረንጅ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም። የእኛ አገር ጠገራ ብዙው አናቱ ላይ ጆሮ ተበይዶለታል፣ ወይም የተነቀለበት የብየዳ ጠባሳ አለው፣ ሴቶች አንገታቸው ላይ ያደርጉት ስለነበር። እነሱ ይህን ጉዳት ይሉታል፣ ዋጋውን ይጥሉታል። ለእኔ ግን ያ ጆሮ ከዓመተ ምሕረቱ የበለጠ ይናገራል። ዓመቱ እንኳ ውሸት ነው! ጆሮው ግን አንዲት ሴት ንብረቷን አንገቷ ላይ አስራ ውኃ ትቀዳ እንደነበር ይነግረኛል። ጥሩ ነገሩ ደግሞ ዓለም ስለናቀው በርካሽ ይገኛል።

ወርቅ ላይ እህቴ ትበልጠኛለች። ዱባይ ነው የምትሠራው፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። እሷ ሳንቲም አትሰበስብም፣ አምባር ነው የምትገዛ። 21 ካራት፣ ከመቶ 87.5 ወርቅ። በየጊዜው ደመወዝ ስትቀበል ትጨምራለች፣ እጇ ላይ ባንክ ተሸክማ ነው የምትዞረው፣ ለማንም አታስረዳም፣ የማንንም ፊርማ አትፈልግም። የእኔን ብር ስታይ ትስቃለች። «ያንን ሁሉ ብረት ተሸክመህ የት ልትደርስ ነው?» ትላለች። እውነቷን ነው። ብር ከባድ ነው። አንድ ትንሽ የወርቅ ቀለበት የሚይዘውን ዋጋ በብር ልያዝ ብትሉ ኪስ ይቀዳል።

አንድ ጊዜ ግን ሁለት አምባር ልትሸጥ ሄዳ ደንግጣ ደወለችልኝ። ስትገዛ የእጅ ዋጋ ከፍላለች፣ ለጌጡ፣ ለአበባው፣ ለጥልፉ። ስትሸጥ ግን ወርቁን ብቻ መዘኑላት። አበባው የት ገባ? አበባው የለም። ያኔ ስለ ሳንቲም አወራኋት። የእንግሊዙን የወርቅ ሶቨሪን፤ 7.98 ግራም፣ 22 ካራት፣ ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም፣ ከመቶ ዓመት በላይ መጠኑ ያልተቀየረ፣ የእጅ ዋጋው ከአምባር የሚያንስ፣ ዓረብ አገር ወርቅ ቤት የሚያውቀው። ብዙም አላመነችኝም። ከወር በኋላ ግን ደወለች።

«ገዛሁት።»

«እንዴት ወሰንሽ?»

«ዞር ሳደርገው ጊዮርጊስ ነው! ደራጎኑን እየወጋ! ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልተወው?»

የሶቨሪኑ ጀርባ እውነትም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ በፈረስ፣ ደራጎኑ ከእግሩ ሥር። እኔ ስለ ካራትና ስለ እጅ ዋጋ ሁለት ሰዓት ስለፈልፍ አልሰማችም፣ ጊዮርጊስ በአንድ አፍታ ጨረሰው። ይሁንና ሁለተኛ አልገዛችም። «ምኑ ይደረጋል? እጅ ላይ አይውል፣ ሠርግ አይሄድ» አለችኝ። አሰብኩበት፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም። አምባሩን አሥር ዓመት አድርጋ ደምቃበታለች፣ የእጅ ዋጋው ለዚያ የከፈለችው ነው ካልን አልከሰረችም። የእኔ ሳንቲሞች በወረቀት ተጠቅልለው ጨለማ ውስጥ ነው ያሉት።

ቁጠባ ነው ወይ? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው፣ በተለይ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ። እቴቴ በዕድሜዋ ያየችውን ገንዘብ ቁጠሩት፤ ጠገራውን አየች፣ ከጣሊያን ጋር ሊሬ መጣ፣ እንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው ገቡ፣ ከዚያ የጃንሆይ ብር፣ ከዚያ በ1969 የደርግ ብር፣ በ1990 ደግሞ ሌላ። ወረቀቱ አምስት ጊዜ ሲገለበጥ ሦስቱ ጠገራዎች ከጨርቃቸው አልወጡም። እኔ ራሴ በመስከረም 2013 ኖቱ ሲቀየር ቤቱ በማዳበሪያ ገንዘብ የሚያስቀምጥ አንድ ዘመዳችን ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ አይቻለሁ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ዶላሩ ወደ ገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያን ሰሞን የወተቱን ጣሳ አንስቼ ወዘወዝኩት። ድምፁ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ግን ቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወርቅ በፈረንጆቹ ወቄት (አውንስ) 850 ዶላር ገብቶ ነበር። ያን ዋጋ መልሶ ያየው በ2008 ነው። በ1980 ገዝታ የቀበረች ሴት ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቃለች ማለት ነው፣ ልጅ ወልዳ ድራ አያት ትሆናለች። ብር ደግሞ ከወርቅ የባሰ ወፈፌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ተንኮታኮተ፣ በ2011 እንደገና 50 ደጃፍ ደረሰ፣ በ2015 ማብቂያ ላይ 14 እንኳ አልሞላም። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረምና ጥቅምት ላይ ሁለቱም ጣሪያ ቀደዱ፣ ወርቅ 4000 ዶላርን አለፈ። ይህንን አስቀድሞ ያወቀ መስሎ የሚያወራ ሰው ካያችሁ አውቶቡስ ያለበት ሻጭ ነው በሉ። ወርቅ አይወልድም፣ አይታለብም። ዕቁቤን አላቋረጥኩም። ዕቁብ ሲደርሰኝ ከላዩ ትንሽ ቆንጥሬ ወደ ወተቱ ጣሳ እከታለሁ፣ እሱም የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ነው። ለልጅ ሕክምናና ለትምህርት ቤት የሚሆነው ባንክ ነው ያለው፣ ያንን አንድ ጊዜ ተምሬዋለሁ።

ስለ አክሱም ሳንቲም ደግሞ የሚጠይቁኝ አሉ። አልገዛም። ፍላጎት አጥቼ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት እነ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወርቅ አስቀርጸዋል፣ ኢዛና ደግሞ ክርስትናን ሲቀበል ከጨረቃው ወደ መስቀሉ የተሻገረው እዚያች ጥፍር በምታህል ወርቅ ላይ ነው፣ ንጉሡን ግራና ቀኝ የስንዴ ዘለላ አቅፎታል፣ አምስት ኪሎ ሙዚየም መስታወት ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ስንት ሰዓት ቆሜያለሁ። ነገር ግን ከመሬት የወጣ ቅርስ ሪፖርት የሚደረግ እንጂ የሚሸጥ አይደለም፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ከአገር ማውጣትም ያስጠይቃል። በዚያ ላይ ገበያ ላይ የሚዞረው ብዙው ትናንት የተሠራ ነው። እውነተኛ ከሆነ ወንጀል፣ ሐሰተኛ ከሆነ ኪሳራ። ለዓይኔ ሙዚየሙ ይበቃኛል።

ባለፈው የካቲት የወንድሜ ልጅ ክርስትና ተነሳች። እናቴ ከሳምንት በፊት ደውላ «የእቴቴን አንዱን ጠገራ አምጣ፣ ለልጅቷ የአንገት መስቀል ይሠራለታል» አለችኝ። በአገራችን የብር መስቀል ብዙው የተሠራው ጠገራ እየቀለጠ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለሰው እነግራለሁ፣ እያደነቅኩ። የእቴቴ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ከወተቱ ጣሳ አንድ ሌላ ጠገራ ይዤ ሄድኩ፣ እንዲያውም ከእቴቴ የተሻለ፣ ያላለቀ፣ ዕንቁዎቹ ቁልጭ ያሉ። ብሩ አንድ ነው፣ ሴትዮዋ አንድ ናት፣ 1780ውም አንድ ነው አልኳት።

እናቴ ተቀበለችኝ። በአውራ ጣቷ ጥፍር ትከሻውን ዳሰሰች። አይታ የማታውቅ መስሎኝ ነበር፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ መለሰችልኝ።

«ጥሩ ብር ነው። የእሷን አምጣ።»

አመጣሁ። ከሦስቱ በጣም ያለቀውን መረጥን። ከመስጠታችን በፊት መዘንኩት፣ 27.4። ሽማግሌው ብር ሰሪ ዓይናችን እያየ ነው ያቀለጡት፣ እንዳይቀየር ብላ እናቴ በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፣ እሳቸውም አልተቀየሙም። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ትከሻዋ ጠፋ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ከዚያ የሚንቀጠቀጥ ጠብታ ሆነች። ለትንሽ ልጅ መስቀል ያ ሁሉ ብር አያስፈልግም። የተረፈውን አጠራቅመው አንድ ምስር የምታህል፣ ሌላ አተር የምታህል፣ ሌላም ጠፍጣፋ ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ቤት መዝኜ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፣ 19.2 ግራም። ከዚያ ሁለቱን ጣሳዎች ከፍቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩ። ዕንቁ የለው፣ ጠርዝ የለው፣ ማንም ብር ሰሪ መዝኖ ይገዛዋል። ወረቀቱ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ባለቤቴ በየጠዋቱ ስትጠርግ አንስታ መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች።